ከዝግባው ሃያ ሦስት እርምጃ

ቆይታዬ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ነበር። ከጎሬ የተነሣሁት ጠዋት ነው፤ ወደ መቀሌ የሚወስደኝ በረራ ከሰዓት በኋላ ነው። በመካከሉ አዲስ አበባ አለች። ከየትም ወደ የትም ሲኬድ በመካከሉ አዲስ አበባ አለች፤ ከተማዋ ሌላ ሥራ የላትም።

ከአውሮፕላኑ ስወርድ ግራ እጄ ላይ አምባር አሰሩልኝ። 170 የሚል ቁጥር በራበት። ወዲያው 169 ሆነ። በከተማዋ ውስጥ ሰዓት የሚባል ነገር በግድግዳም በማማም ላይ አይሰቀልም። ያለው የእያንዳንዱ ሰው ቀሪ ደቂቃ ነው። ሰው ከሰው ሲገናኝ "ስንት ቀረህ?" ይባባላል፤ ሰላምታው እሱ ነው።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የዝናብ መለኪያ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። በየሦስት ሰዓቱ እወጣለሁ፣ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ። ለዚህ ጉዞም የተዘጋጀሁት በዚያው ልማድ ነው። የትራንዚት መንገደኞችን ደንብ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱንም አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ትራንዚት መንገደኛ በአንድ ማቆሚያ ከስድስት ደቂቃ በላይ መቆም አይፈቀድለትም። በተመደበለት ዙር ላይ ግን ደቂቃው እስኪያልቅ የፈለገውን ያህል ቢመላለስ የሚከለክለው የለም። ሦስት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው ወደ ከተማዋ መግቢያ በር ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ በሕይወቱ ዘመን ከተማዋን የሚያያት በአውሮፕላን መስኮት ነው።

የሄድኩት ለሽምግልና ነው።

ኪሩብ የሚባለው የእህቴ ልጅ የአቶ ልሳኑን ልጅ ትንቢትን ይወዳል። እሷም ትወደዋለች። ትንቢት ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ባለ ተንሳፋፊ ጣቢያ ለሰባት ዓመት ተመድባለች፤ የምትሄደው በዘጠኝ ቀን ውስጥ ነው። ባል ያላት ባሏን ይዛ ትሄዳለች፤ እጮኛ ያላት ብቻዋን ነው የምትሄደው። የባልና ሚስት ምዝገባ እሑድ ይዘጋል። ያ ቀን ዓርብ ነበር።

ያለ አባቷ ፈቃድ ቢመዘገቡ ሕጉ አይከለክላቸውም። ትንቢት ግን "አባዬን ረግጬ አልሄድም" አለች። አቶ ልሳኑም ልጁን ጠልተው አይደለም። በየቤታችን ግድግዳ ላይ ባለው መነጋገሪያ መስታወት ኪሩብን አይተውታል፣ አጫውተውታል፣ ወደውታል። "ሽማግሌ ግን በመስታወት አይመጣም" አሉ። "ልጄን የሚጠይቀኝ በደጄ ቆሞ ይጠይቀኝ።"

ደጃቸው ቀበና ነበር። ሰፈሩ ከተነሣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለእሳቸው ጅጅጋ ደረሳቸው፤ ለእኔ ጎሬ። አንዱ ወደ ሌላው እንዳይሄድ የጉዞ ምክንያቶች ዝርዝር አለ፤ በዝርዝሩ ውስጥ ሕክምና አለ፣ ሥልጠና አለ፣ የአስከሬን ሽኝት ለአንድ ሰው አለ። ጥየቃ የለም። ስለዚህ ሁላችንም የየራሳችንን ምክንያት ይዘን፣ በረራችን በአንድ ቀን አዲስ አበባ ላይ እንዲገጣጠም አሥራ አንድ ወር ስናሰላ ቆየን። ውሸት የለበትም። የእኔ ምክንያት የቀኝ ዐይኔ ሞራ ነው፤ መቀሌ ላይ ይገፈፍልኛል። ቀጠሮው ካመለጠኝ የሚቀጥለው ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነው። በግራ ዐይን ብቻ የመለኪያውን ጭረት ማንበብ ይቻላል፤ ዘንድሮ ግን ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ።

ከእኔ ጋር ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። አንደኛዋ እትዬ ስንዱ ናቸው፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። በቀበና ሦስት መቶ ያህል ልጅ አዋልደዋል፤ የመጨረሻዋ ትንቢት ናት። ከደብረ ማርቆስ መጡ። ሁለተኛው ከኮምቦልቻ የመጡት ሐጂ እንድሪስ ናቸው፤ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ የግራ ጉልበታቸው አይታጠፍም። ሁላችንም የአንድ ሰፈር ሰዎች ነበርን።

የተገናኘነው በዙር ሦስት መነሻ ላይ ነው።

"ስንት ቀረህ?" አሉኝ እትዬ ስንዱ።

"መቶ አርባ አራት።"

"እኔ መቶ ሁለት። ሐጂ ዘጠና አምስት። ልሳኑ ስድሳ ምናምን ነው። ሰውየው ድሮም ችኩል ነው።" ቀና ብለው አዩኝ። "አንተ መርድ፣ አርጅተህ የለም እንዴ?"

"ሃያ ዘጠኝ ዓመት ነው እኮ፣ እትዬ።"

"እና እኔ የት ነበርኩ?"

ተንቀሳቃሹ መንገድ ላይ ወጣን። ማቆሚያ አራት ቅምሻ ነው፤ ሦስት ጉርሻ በአንድ ደቂቃ ተኩል። ማቆሚያ ስድስት ላይ የዘንድሮ ክረምት ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። ድምፁ ከቆርቆሮ ጣራ ላይ የተቀዳ ነው፤ በከተማዋ ቆርቆሮ ጣራ ያለው ቤት አላየሁም። አግዳሚ ወንበር የሚባል የለም። በየማቆሚያው በር ተሠርቷል፤ ከበሩ ኋላ ቤት የለም። በበሩ ላይ በርጩማ አለ፤ በርጩማው ላይ ደረቱ ላይ "ጎረቤት" የሚል ጽሑፍ ከነቁጥሩ የለጠፈ ሰው ተቀምጧል። ሥራው ለሚያልፈው ሰላም ማለት ነው። በአራት ፈረቃ ይሠራሉ። ከበርጩማዎቹ ሌላ በከተማዋ ውስጥ መቀመጫ አልቆጠርኩም።

ማቆሚያ ዘጠኝ የቀበና ዝግባ ነው። ከሰፈሩ የቀረው እሱ ብቻ ነው። አምባሩ "የጥንት ዝግባ። ስድስት ደቂቃ" አለ።

አቶ ልሳኑ ቀድመውን ደርሰው ነበር። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ከዛፉ ሥር ተነሥተው ወደ ወንዙ አቅጣጫ እርምጃ ይቆጥራሉ። አምባራቸው 58 ይላል። ከዚህች ሃምሳ ስምንት ደቂቃ ሌላ አራታችን በአንድ ቦታ የምንቆምበት ጊዜ የለንም።

"ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት። እዚህ ነው።" እግራቸውን ተከሉ። "የቤቴ በር እዚህ ነው።"

"የለም" አሉ እትዬ ስንዱ፣ ገና ሰላምታ ሳይሰጡ። "እሱ የእኔ ጓሮ ነው። ዛሬም ትገፋለህ፣ አንተ ልሳኑ?"

"እትዬ ስንዱ፣ ቆጥሬ እኮ ነው!"

"በማን እግር? በዛሬው ወይስ በድሮው? ያን ጊዜ እንደ ሰጎን ነበር የምትራመደው።"

"አጥሩ የተተከለው ሕጋዊ ሆኖ ነው።"

"ማታ ማታ እግር እያወጣ ወደ እኔ ይመጣ ነበር በለኛ!"

አምባሩ ደቂቃ ቀነሰ። ሜትሬን አወጣሁ። ሰፈሩ ሊነሣ ሳምንት ሲቀረው ሁሉንም ለክቼ ጽፌው ነበር፤ ለምን ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ከዝግባው ግንድ እስከ አቶ ልሳኑ በር አሥራ ስድስት ሜትር ከአርባ ሳንቲም ነው። ዘረጋሁት። አቶ ልሳኑ በአንድ ክንድ ወደ እትዬ ስንዱ ዘልቀው ነበር የቆሙት።

"አንድ ክንድ!" አሉ እትዬ ስንዱ። "ልክ አንድ ክንድ! ሐጂ፣ አዩልኝ?"

"አየሁ፣ እመቤቴ። አሁን ልጅቷን እንጠይቅ።"

አቶ ልሳኑ አንድ ክንድ ተመለሱ። ትክክለኛው ቦታ ማቆሚያው ላይ ከተሠራው በር ላይ አረፈ፤ ተቀጣሪዋ ጎረቤት ከተቀመጠችበት በርጩማ አጠገብ። ጎረቤቷ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ሴት ናት። ቁጥሯ 41 ነው።

"እንደምን ዋላችሁ፣ ቤት ለእንግዳ ክፍት ነው" አለች፤ ፈገግታዋ የሥራ ነው።

አቶ ልሳኑ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። "ይቺ ደግሞ ማን ናት በሬ ላይ?"

"ጎረቤት ነኝ፣ አባባ።"

"የማን ጎረቤት?"

ልጅቷ ለዚህ የተሰጣት መልስ አልነበረም። "የሚያልፈው ሰው" አለች በመጨረሻ።

በዚህ ሁሉ አራት ደቂቃ ተኩል ሄደ። ሐጂ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ቤቶች!"

ያን ጊዜ የአቶ ልሳኑ ፊት ተለወጠ። ወደ በሩ ዞሩ፤ ከውስጥ እንደወጣ ሰው ተመልሰው ወደ እኛ መጡ። "አቤት! እነማን ናችሁ?"

"ዝምድና ፈልገን የመጣን ነን" አሉ ሐጂ። "ትንቢትን ለልጃችን ለኪሩብ እንዲሰጡን ልንለምን ቆመናል።"

እዚህ ላይ ደንባችንን ማስረዳት አለብኝ። በእኛ ሰፈር ሽማግሌ የሚጠይቀው ቆሞ ነው። የልጅቷ አባት "ተቀመጡ" ካለ ሰጠ ማለት ነው። "ደህና ዋሉ" ካለ ሌላ ቀን ተመለሱ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን "ተቀመጡ" የሚል አባት ልጁን እንዳረከሰ ይቆጠራል፤ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሽማግሌዎቹን መመለስ አለበት። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አንቀጽ ያነበብኩት እኔ፣ አሥራ አንድ ወር አራት በረራ ስገጣጥም የኖርኩት እኔ፣ ከልጅነቴ የማውቃትን ይህችን አንዲት ደንብ ከሒሳቡ አስቀርቻት ነበር።

"ከዘመድ ልምከርበት" አሉ አቶ ልሳኑ። "ለዛሬ ደህና ዋሉ።"

አምባሮቻችን ተንቀጠቀጡ። ስድስት ደቂቃ ሞልቶ ነበር።

አቶ ልሳኑ የተናገሩት ቃል ምን እንዳደረገ የገባቸው ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ይመስለኛል። ቃሉን ግን አልመለሱትም። አባት ቃሉን ወዲያው ከመለሰማ የባሰ ነው።

"እሺ" አሉ እትዬ ስንዱ። "እንመለሳለን።"

"መቼ?" አልኩ እኔ።

"ዙሩ ስንት ደቂቃ ነው? አንተ አይደለህ የምትለካው!"

ከማቆሚያ ዘጠኝ ተነሥቶ ማቆሚያ ዘጠኝ ለመመለስ አሥራ አራት ደቂቃ ነው። ሐጂ እንድሪስ ሳቁ። "በደንቡ አሥራ አራት ቀን ነበር የምንቆየው" አሉ። "ቀኑን ደቂቃ አድርገነው እንምጣ።"

አቶ ልሳኑም እንደኛው ትራንዚት መንገደኛ ናቸውና በሩ ላይ ቆመው ሊጠብቁን አይችሉም። እሳቸውም መንገዱ ላይ ወጡ። ሠላሳ እርምጃ ያህል ቀደሙን፤ ቤታቸው ቀድመው መድረስ አለባቸው። አንድ ጊዜ ዞር ብለው ሲያዩን እጄን ላነሣ ብል እትዬ ስንዱ ክርናቸውን ጎኔ ላይ ሰደዱብኝ።

"አትየው! ቤቱ ነው ያለው።"

"እዚያ ጋ ይታያሉ እኮ።"

"አይታይም። እኛም ሰፈራችን ገብተናል።"

ማቆሚያ አንድን ድጋሚ አየን። ማቆሚያ አራት ላይ ጉርሻ ሲዘረጉልን ሐጂ "ጠግበናል፣ ከሁለት ሳምንት በፊት በልተናል" አሉ። ጉርሻ የሚሰጠው ሰው ፈገግ ሊል ብሎ ተወው። ከፊታችን ሠላሳ እርምጃ ላይ አቶ ልሳኑ ብቻቸውን ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ መንገዱ ይዟቸው ይሄዳል። ከኋላ ሲታዩ ትከሻቸው ከማስታውሰው በጣም ጠቧል።

ማቆሚያ ዘጠኝ ስንደርስ አምባራቸው 38 ይል ነበር። ጎረቤት 41 አየችን። "እንደምን ዋላችሁ፣ ቤት ለእንግዳ…" ብላ ጀመረችና አቆመች። መንገደኛ ተመልሶ ሲመጣ የምትለው አልተጻፈላትም።

"ቤቶች!" አሉ ሐጂ።

"አቤት! እናንተው ናችሁ?"

"ያው እኛው ነን። ስለዚያው ጉዳይ ነው።"

አቶ ልሳኑ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ዘመድ መክሬያለሁ። ዘመድ የሚለው፣ የልጁን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩልን ነው።"

ይህም ደንብ ነው፤ ዝምድና እንዳይነካካ ይቆጠራል። ይህኛውን አልረሳሁትም ነበር። ኪሩብ መላኩ አልኩ፤ መላኩ አሰግድ፤ አሰግድ ወልደ ሰማያት። ስለ እያንዳንዱ አገሩንና ያገባበትን መናገር ያስፈልጋል። ወልደ ሰማያት ላይ አቶ ልሳኑ አስቆሙኝ። "የትኛው ወልደ ሰማያት? አንድ እግሩ አጭር የነበረው?" የዚያን ሰውዬ እግር ልክ ስናጣራ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ሄደ። አምስተኛው ቤት ላይ ስደርስ አምባሮቹ ተንቀጠቀጡ።

"ሁለት ቤት ቀራችሁ" አሉ አቶ ልሳኑ ዐይናቸውን ከእኛ አሽሽተው። "ደህና ዋሉ።"

ለሁለተኛው ዙር መንገዱ ላይ ወጣን። ሒሳቡን ሠራሁ። ስንመለስ የአቶ ልሳኑ ቀሪ አሥራ ስምንት ይሆናል። ለአሥራ አራት ደቂቃው ዙር የሚበቃ ጊዜ ከዚያ በኋላ የለም። ይህን ነገርኳቸው።

"ደግሞ ደህና ዋሉ ካለንስ?" አሉ ሐጂ።

"ከዚያ በኋላ ያለው እሑድ ነው" አልኩ።

"ሰውየው ፈርቷል" አሉ እትዬ ስንዱ። "ምን እንደፈራ ግን አላወቅሁም። ልጁን ወዶታል፤ ቆይታው እንደሚያልቅ ያውቃል። ምጥ የያዛት ሴት አሁን አልወልድም ስትል አይቻለሁ። እንደዚያ ነው የሚያደርገው።" አምባራቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። "እኔ በዚህኛው አልንቀሳቀስም።"

"አምባሩስ?" አልኩ።

"ሦስት መቶ ምጥ ይዤ ያነጋሁ ሴት፣ ይሄ ሲንቀጠቀጥ ልፈራ ነው?"

ሐጂ እንድሪስ የማይታጠፈውን ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሹት። "እኔም ከዚህ በኋላ ይህችን ከተማ ባላያት የሚጎድልብኝ የለም" አሉ። "ያየሁት ይበቃኛል፤ ክረምት በጆሮ ማዳመጫ።" ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የእኔን ዐይን ነገር ያውቃሉ። አልጠየቁኝም።

ከሦስቱ ማስጠንቀቂያ የመጀመሪያው በስድስተኛው ደቂቃ ነው፣ ወዲያው የተነሣ ሰው ግን አይቆጠርበትም፤ ሁለተኛው በዘጠነኛው፣ ሦስተኛው በአሥራ ሁለተኛው። ወደ በር የተመለሰ ሰው በዚያ ቀን በረራ አይሳፈርም። አሥራ አራት ወር በግራ ዐይን። ጭረቱን በጣት እየነኩ ማንበብም ይቻላል፤ አንድ የማውቀው መዝጋቢ እንደዚያ ያነብ ነበር።

"ሁለቱን ቤት ልጨርስ" አልኩ። "ከዚያ እቆማለሁ።"

ስንደርስ አቶ ልሳኑ በሩ ላይ ነበሩ፤ 18። ጎረቤት 41 ሰላምታዋን ትታ አየችን።

"ቤቶች!"

"አቤት።"

ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ቤት ቆጠርኩ። የሚነካካ ዘር የለም። ሐጂ እንድሪስ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁ። አቶ ልሳኑ መሬቱን ያያሉ። ሌሎች መንገደኞች ዝግባውን እያዩ፣ ስድስት ደቂቃቸውን እየጨረሱ በአጠገባችን አለፉ።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ መጣ። አምባሬ ቢጫ ሆነ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

"ሂዱ እንጂ" አሉ አቶ ልሳኑ ቀስ ብለው። "ትቀጣላችሁ።"

"መልሳችንን ይዘን ነው የምንሄደው" አሉ ሐጂ።

"ልሳኑ" አሉ እትዬ ስንዱ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰለሰ። "ልጅህን እኔ ነኝ ከእናቷ ሆድ የተቀበልኳት። ንገረኝ። ምንድን ነው?"

አቶ ልሳኑ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ሊመጣ አርባ ሰከንድ ሲቀረው ነው የተናገሩት።

"ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ 'ቤቶች' ብሎ የጠራኝ ሰው የለም" አሉ። "ጅጅጋ በሩ ራሱ ስሜን ይናገራል። ዛሬ ሦስት ጊዜ ተጠራሁ። ተቀመጡ ካልኳችሁ አለቀ። ከዚያ በኋላ እዚህ ደጅ ማን ይመጣል? ለምን ብሎ?"

አምባሮቹ ተንቀጠቀጡ፤ ብርቱካናማ ሆኑ። ዘጠኝ ደቂቃ።

"አንተ ሞኝ" አሉ እትዬ ስንዱ። "እኛ እንመጣለን ብለን አንዋሽህም። አንመጣም። ከዛሬ በኋላ ማናችንንም አያስገቡንም። ግን ተቀመጡ በለን፤ እንቀመጣለን። እስኪያነሡን ድረስ እንግዶችህ ነን።"

አቶ ልሳኑ ቀና አሉ። አራት ሰው በቆመበት፣ ከኋላው ቤት በሌለው በር ፊት፣ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ወለል ዘረጉ። እንደ ድሮው ነው የዘረጉት፤ መዳፋቸው ወደ ላይ፣ ወገባቸው ጎንበስ ብሎ።

"ልጄን ሰጥቻለሁ" አሉ። "አጥሩንም አንድ ክንድ ገፍቼ ነበር፤ መልሻለሁ። ተቀመጡ።"

ተቀመጥን።

እትዬ ስንዱ እልል እያሉ ነው የተቀመጡት። ሲያልፉ የነበሩ መንገደኞች የዝግጅቱ አንድ ክፍል መስሏቸው አንዳንዶቹ እልልታውን ተቀበሉ። እኔ እግሬን አጣጥፌ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ይሞቃል። አቶ ልሳኑ ከፊታችን፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀመጡ። ሐጂ እንድሪስ ብቻ ቆመው ቀሩ፤ ጉልበታቸው መሬት አያደርሳቸውም።

ያን ጊዜ ጎረቤት 41 ከበርጩማዋ ተነሣች። አንሥታ ከሐጂ ኋላ አደረገችላቸው።

"ተይ ልጄ፣ ሥራሽን" አሉ ሐጂ።

"ሥራዬ ጎረቤት መሆን አይደል?" አለች። "ይቀመጡ አባባ። ስሜ ማራናታ ነው።"

ሐጂ ተቀምጠው መረቁ። ኪሩብንና ትንቢትን እንደ ዝግባው አጽናቸው አሉ፤ ባሕሩ መንገድ ይሁናቸው አሉ፤ አቶ ልሳኑን ደጅህን የሚጠራ አይጥፋ አሉ። እያንዳንዱን "አሚን" አልን። ማራናታም አለች፤ ሥራዋን የሚከታተለው መሣሪያ ደረቷ ላይ እየበራ ነበር።

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ በመካከሉ መጣ፤ ቀይ። ጠባቂዎች መምጣት ነበረባቸው፤ የመጡት ግን ሌሎች ናቸው። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። በሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ አንቀጽ ውስጥ መቀመጥ የሚል ቃል የለም። ደንቡን የጻፈው ሰው መንገደኛ መሬት ላይ ይቀመጣል ብሎ አላሰበም። ስለዚህ ከተማዋ መሬት ላይ ሦስት ሰው አይታ፣ ወድቀዋል ብላ ሦስት ቃሬዛ ላከች።

"ማን ነው የታመመው?" አለ የቃሬዛዎቹ አለቃ፣ እያለከለከ።

"ማንም" አሉ እትዬ ስንዱ። "ሽምግልና ላይ ነን። ከፈለግህ ጠጋ በል፣ ቦታ አለ።"

ሰውየው ከአቶ ልሳኑ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሐጂ በርጩማ አየ። እንዲህ ላለው ነገር ማንን እንደሚጠራ ስላላወቀ ደወለ። የተደወለለት ሌላ ጋ ደወለ። በዚህ መካከል ከኋላችን የተጠራቀሙት መንገደኞች ስድስት ደቂቃቸው አልፎ አምባራቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ስልሳ ያህል አምባር በአንድ ላይ ሲንቀጠቀጥ የንብ ቀፎ ይመስላል። ጥቂቶቹ ሄዱ። ብዙዎቹ ቆመው ያዩን ነበር።

አንዲት ሴት አንገቷን አስግጋ "የማን ቤት ነው?" ስትል ሰማሁ።

ማራናታ ነች የመለሰችላት። "የአቶ ልሳኑ" አለቻት። "ሽማግሌ ተልኮባቸው ነው።"

አቶ ልሳኑ ይህን ሰምተው ኮታቸውን ፈቱት፤ ሰው ቤቱ ሲሆን እንደሚያደርገው።

የተቀመጥነው ሃያ ስድስት ደቂቃ ነው። ልብ ብዬ ይዣለሁ። የአቶ ልሳኑ አምባር ዜሮ ላይ ደርሶ ጠፋ፤ በረራቸው ሄደ። የሐጂም የእትዬ ስንዱም የእኔም ተሰረዘ። ጠባቂዎቹ በመጨረሻ ሲመጡ በክንዳችን ይዘው አነሡን። ክፉ አላደረጉብንም። ሐጂን ያነሣው ጠባቂ በርጩማውን ለማራናታ መልሶ ሊሰጣት ሲል እሷም ተከትላን እንድትመጣ ታዘዘች። በርጩማውን ይዛ መጣች።

የገባንበት ክፍል ከከተማዋ መግቢያ በር አጠገብ ነው። አምስታችን ለየብቻ ወረቀት ተሰጠን። ስም፣ የተነሣሁበት፣ የምሄድበት፣ የጉዞ ምክንያት። እነዚህን ሞላሁ። ከታች "ከተፈቀደው በላይ የቆዩበት ምክንያት" ይላል፤ አራት ምርጫ አለው፦ ሕመም፣ መንገድ መሳት፣ የመሣሪያ ብልሽት፣ ሌላ።

"ሕመም ይበሉ" አለኝ መዝጋቢው፣ ወጣት ሰውዬ ነው፤ ድምፁን ቀነሰ። "ዐይንዎ እንደሚያምዎት ከምክንያትዎ አይቻለሁ። ቃሬዛም ተልኳል። ሕመም ካሉ ይሰረዝልዎታል፤ ነገ መቀሌ ይገባሉ።"

ደግ ሰው ነው። ስለ ደግነቱ አመሰገንኩት። በክፍሉ የመስተዋት ግድግዳ በኩል አቶ ልሳኑን አየኋቸው፤ ከወረቀታቸው ቀና ብለው እኔን ያያሉ። አምባሩ ከእጃቸው ተወስዷል።

"ሌላ" በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ከጎኑ አሥራ አምስት ፊደል የሚይዝ ክፍት ቦታ አለ። በግራ ዐይኔ ወረቀቱን ጠጋ ብዬ፣ ክፍተቱን ጨምሮ አሥራ ሦስቱን ሞላሁት፦

ባለቤቱ ተቀመጡ አለን